የወላጆቻችንን ሕመም ማስታገስ፦ የአራተኛው ትእዛዝ ግዴታ

ለቁምስና ጉባኤያትና ለትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ



እናትና አባትን ስለ ማክበር የተሰጠንን አራተኛውን ትእዛዝ ለሕፃናት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ መታዘዝ፣ ስለ መላላክና ስለ መልካም ጠባይ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ትእዛዙ ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ትእዛዙን ሲያብራራ በተለይ የሚናገረው ለጎለመሱ ልጆች ነው። አባት ባረጀ ጊዜ ልጁ እንዲረዳው፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዲታገሠው፣ በጉልበቱ ተመክቶ እንዳይንቀው ይመክራል (ሲራ. 3፡12-13)። እንግዲህ ትእዛዙ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው ወላጅ በአልጋ ላይ በወደቀበትና ልጅ በቆመበት ሰዓት ነው።

በዚህ እትም የምናጠናው ይህንኑ ሰዓት ነው። ካንሰር በሰውነት ውስጥ ከተሠራጨ በኋላ ሐኪሙ በሽታውን ማዳን እንደማይቻል ሲገልጥ፣ ብዙ ቤተሰብ «ከእንግዲህ ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን በሽታውን ማዳን አይቻልም ማለትና ለሕመምተኛው ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ማዳን ባይቻል ማስታገስ ይቻላል፤ ማስታገሻው ሁሉንም ባያስወግድ እንኳ አብሮ መሆን ይቻላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት በጡት ካንሰር ታመሙ፤ በሽታውም ወደ አጥንታቸው ዘለቀ። ሌሊት ሌሊት ያቃስታሉ፤ ጎናቸውን መለወጥ አይችሉም። ከሆስፒታል የታዘዘላቸው የሞርፊን ጠርሙስ ግን እንደ ታሸገ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አንደኛው ልጃቸው «ሱስ ያስይዛቸዋል» ይላል፤ ሁለተኛዋ «ቶሎ ይወስድብናል» ብላ ትፈራለች፤ አንድ ዘመድ «ለመጨረሻው ቀን ይቀመጥ» ይላል፤ አንዲት መንፈሳዊት ጎረቤት ደግሞ «መስቀላቸውን ይሸከሙ፣ ለነፍሳቸው ይጠቅማቸዋል» ትላለች። ሁሉም እኚህን እናት ይወዷቸዋል። በሚወዷቸው ሰዎች መካከል ሆነው ግን ሌሊቱን ያለ ማስታገሻ ያነጋሉ።

እንዲህ ያለ ቤት በየቁምስናችን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዋና ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ያ ጠርሙስ እንዳይከፈት የሚከለክለው ፍርሃት እንጂ እምነት አለመሆኑን ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ትምህርት ከሰጠች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል።

1. ሕመም አራት ፊት አለው

እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ከተማ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ፤ በዚያም የማይድን በሽታ ያለባቸውን ሰዎች እስከ መጨረሻው በክብር የመንከባከብ ሙያ አዲስ መልክ ያዘ። እኚህ ሐኪም ያስተማሩት ዋና ነገር የሕመምተኛው ሥቃይ ሁለንተናዊ መሆኑን ነው።

የመጀመሪያው የሥጋ ሕመም ነው፤ ዕጢው አጥንትን ወይም ነርቭን ሲጫን የሚሰማው ነው። ሁለተኛው የአእምሮ ሕመም ነው፤ ይህም ፍርሃትና ጭንቀት፣ ሌሊት የሚመጣ ሐሳብ ነው። ሦስተኛው የቤትና የማኅበር ሕመም ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተዳረች ልጅ፣ የተቀያየሙ ወንድማማቾች፣ ሸክም ሆንሁባቸው የሚል ኀፍረት ነው። አራተኛው የመንፈስ ሕመም ነው፤ እግዚአብሔር ስለ ምን ተወኝ፣ ኃጢአቴ ይሆን ያመጣብኝ የሚል ጥያቄ ነው። እነዚህ አራቱ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። በሥጋው እየተሠቃየ ያለ ሰው ሊጸልይ፣ ሊናዘዝ ወይም ከልጆቹ ጋር ሊመካከር እጅግ ይከብደዋል፤ በሐሳብ የተጨነቀ ሰውም የሥጋ ሕመሙ ይበረታበታል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መተው አይበቃም።

ይህን ሁሉ በአንድነት የሚመለከተው አገልግሎት በሐኪሞች ዘንድ ፓሊየቲቭ ኬር ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የማስታገሻ ክብካቤ ልንለው እንችላለን። ቃሉ የተገኘው በላቲን ቋንቋ ካባ የሚል ትርጉም ካለው ቃል ነው። ብርድ የመታውን ሰው በጋቢ እንደሚያለብሱት፣ ሕመምተኛውንም በዚህ ክብካቤ መሸፈን ማለት ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሕመሙን ማወቅ ነው። ወላጆቻችን «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዳቸው ነው። ይህ የምስጋና ቃል እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም። በመሆኑም የት እንደሚያማቸው፣ መቼ እንደሚብስ፣ እንደሚወጋ ወይም እንደሚያቃጥል፣ ሌሊት እንቅልፍ መተኛታቸውን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአምስቱ ጣቶች መጠየቅም ይቻላል፤ የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም ማለት ሲሆን፣ አንድ ጣት ጥቂት ሕመምን፣ አምስቱም ጣቶች ሊሸከሙት የማይቻለውን ሕመም ያመለክታሉ። መናገር ላልቻሉት ደግሞ ፊት መቋጠርን፣ ማቃሰትን፣ ሲነኩ መሸማቀቅን፣ ምግብና ወሬ መጥላትን እንመልከት። የተመለከትነውን ከነሰዓቱ በደብተር ብንጽፈው ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።

2. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ሕመም በራሱ መልካም ነገር አይደለም። ጌታችን ወደ እርሱ የመጡትን ሕሙማን ፈወሳቸው እንጂ በሕመማቸው እንዲቆዩ አላዘዛቸውም። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ሲያገኝ ስለ ትዕግሥት አልሰበከለትም፤ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ጠጅ አፍስሶ አሰረለት (ሉቃ. 10፡34)። መጽሐፈ ሲራክም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንዳወጣና ሐኪም በመድኃኒቱ ሕመምን እንደሚያስታግሥ ያስተምራል (ሲራ. 38፡1-8)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሥቃይ ክርስቲያናዊ ትርጉም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ሁለቱን ነገሮች በአንድነት አስቀምጠዋል፤ በአንድ በኩል መከራ ከክርስቶስ መስቀል ጋር ሲተባበር የማዳን ኃይል አለው፤ በሌላ በኩል የሌላውን መከራ ያየ ክርስቲያን ሁሉ እንደ ሳምራዊው ቆም ብሎ የመርዳት ግዴታ አለበት። መከራን ለክርስቶስ ማቅረብ የሕመምተኛው ድርሻ ነው፤ መከራውን ማቅለል የእኛ ድርሻ ነው።

አንዳንድ ምእመናን «ጌታ ሊሰቀል ሲል ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን ጠጅ አልተቀበለም (ማር. 15፡23)፤ ታዲያ እኛስ ማደንዘዣን እንድንወስድ ይገባናልን?» ብለው ይጠይቃሉ። መልካም ጥያቄ ነው። ጌታ ያን መጠጥ የተወው በፈቃዱ፣ ስለ እኛ መዳን ነው። ይህ ከፍቅር የመነጨ ምርጫ ስለ ሆነ፣ ማንም በሌላ ሰው ላይ እንደ ሕግ ሊጭነው አይችልም። በተጨማሪም ይኸው ጌታ በዮሐንስ ወንጌል እንደ ተጻፈው መጠማቱን በግልጽ ተናግሮ የቀረበለትን ሆምጣጤ ቀምሷል (ዮሐ. 19፡28-30)። ሕመምን መናገርና እርዳታ መጠየቅ የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላደረገው ነበር።

ጥያቄው በይፋ ለቤተ ክርስቲያን የቀረበበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 1957 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በኢጣሊያ የማደንዘዣ ሐኪሞች ለቀረቡላቸው ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሰጡ። ክርስቲያን በእምነቱ ምክንያት ማስታገሻን እንዲተው ግዴታ አለበትን? የለበትም፤ ስለ ክርስቶስ ፍቅር በፈቃዱ ሕመምን የሚቀበል ሰው የሚደነቅ ቢሆንም ይህ ለሁሉም ግዴታ አይደለም። አእምሮን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከወንጌል ጋር ይስማማልን? በቂ ምክንያት ሲኖር ይስማማል። መድኃኒቱ ሕይወትን ሊያሳጥር ይችላል ተብሎ ቢገመትስ? ሌላ ዘዴ ከሌለና ሕመምተኛው ሌሎች መንፈሳዊና ሥነ ምግባራዊ ግዴታዎቹን እንዳይፈጽም የማያደርገው ከሆነ የተፈቀደ ነው።

ይህ ትምህርት ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ጸንቷል። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ዩታኔዝያ ባወጣችው መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 2279፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ሕይወት ወንጌል በተጻፈው መልእክት ቁ. 65፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ደጉ ሳምራዊ በወጣው ደብዳቤ ተመሳሳይ ቃል እናገኛለን። ትምህርተ ክርስቶሱ የማስታገሻ ክብካቤን ዋጋ የማይጠብቅ ልዩ የፍቅር ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ እንዲበረታታም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ ይጠና። ዩታኔዝያ ማለት ሥቃይን ለማስወገድ ሲባል ሰውየውን ሆን ብሎ መግደል ነው፤ ይህ አምስተኛውን ትእዛዝ የሚጥስ ከባድ ኃጢአት ነው። ማስታገሻ ግን የሚታሰበው ሕመሙን ለማጥፋት እንጂ ሕመምተኛውን ለማጥፋት አይደለም። ልዩነቱ በአሳብ ብቻ ሳይሆን በመጠኑም ይታያል፤ ማስታገሻ የሚሰጠው በሕመሙ ልክ ተመዝኖ ነው፤ ሕመሙ ጸጥ ሲል መጠኑም በዚያው ይቆማል።

በዚሁ ትምህርት ውስጥ ብዙ ቤተሰቦችን የሚያሳርፍ ሌላም ነገር አለ። ከሚጠበቀው ጥቅም ይልቅ ሸክሙ የሚበልጠውን ሕክምና መተው ይፈቀዳል (ቁ. 2278)። የ1980ው መግለጫ በቤተሰብ ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ እንዳይወድቅ ማሰብም ተገቢ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይገልጣል። ውሳኔው በቅድሚያ የሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ተስፋ ለሌለው ሕክምና ቤቱን ወይም በሬውን ያልሸጠ ልጅ ወላጁን እንደ ገደለ አይቁጠር። ሊተው የማይገባው ግን ተራው ክብካቤ ነው፤ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ሰውነት እስከ ተቀበለው ድረስ መመገብና ማጠጣት፣ ሕመምን ማስታገስ።

3. በየቤቱ የሚሰሙ ፍርሃቶች

«ሱስ ያስይዛል።» ሱስ ማለት ሰው ያለ ሕመም፣ ለስሜት ሲል ዕፅን መፈለጉና ሕይወቱን ለዚያ ማስገዛቱ ነው። በካንሰር ሕመም ምክንያት ሞርፊንን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ወደዚህ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ሰውነቱ መድኃኒቱን ስለሚለምድ በድንገት ማቋረጥ አይገባም፤ ሕመሙ በሌላ መንገድ ከቀነሰ ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ያወርደዋል።

«ቶሎ ይገድላል።» በትክክል የታዘዘና ከጥቂት ተጀምሮ በየደረጃው የሚጨመር ሞርፊን ሞትን እንደሚያፋጥን ተደርጎ መታየት የለበትም። የሚገድለው ካንሰሩ ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ የሚጀመረው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለ ሆነ፣ ሰው ሞቱን ከመድኃኒቱ ጋር ያያይዘዋል።

«አሁን ከተጀመረ በኋላ አይሠራም።» ሞርፊን እንደ አንዳንድ መድኃኒቶች የተወሰነ ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ ሲጨምር ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምረው ይችላል። ስለዚህ ለመጨረሻው ቀን ተብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

«አእምሮን ያጠፋል፤ ጸሎት ያስተዋል።» በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እንቅልፍ ያበዛል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሕመምተኛው ለብዙ ሌሊት ሳይተኛ መቆየቱ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ንቁ ይሆናሉ። ጸሎትን የሚከለክለው ይልቁንም ያልታገሠ ሕመም ነው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ፈጽሞ የሚያስተኛ መድኃኒት አስፈላጊ ነው ካለ ግን አስቀድሞ ለኑዛዜ፣ ለምሥጢራትና ለስንብት ጊዜ እንዲሰጥ እንጠይቅ።

4. መድኃኒቱ እንዴት ይሰጣል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሕመም ለማስታገስ ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል አቀረበ። ለቀላል ሕመም እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያሉ፣ ለመካከለኛው እንደ ኮዴይን ያሉ፣ ለከባዱ ሞርፊንና መሰሎቹ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተዘጋጀው የድርጅቱ መመሪያ መሰላሉ አጠቃላይ መንገድ ማሳያ ብቻ መሆኑን ይገልጣል፤ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ከታች መጀመር አይጠበቅበትም። መድኃኒቱን መምረጥና መመጠን የሐኪሙ ሥራ ነው። የቤተሰቡ ሥራ ግን የሚከተለው ነው።

ሀ) በሰዓት መስጠት። ተራው ፈሳሽ ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ በታዘዘው ሰዓት ይሰጥ። ሕመም ከበረታ በኋላ ማስታገስ ከመጀመሪያው ከመከላከል ይልቅ ይከብዳል።

ለ) በአፍ መስጠት። መዋጥ እስከ ተቻለ ድረስ መርፌ አያስፈልግም። መጠኑ በጤና ባለሙያው በተሰጠው መለኪያ እንጂ በቤት ማንኪያ በግምት አይለካ።

ሐ) በመካከል ለሚነሣ ሕመም የታዘዘ ተጨማሪ መጠን መኖሩን መጠየቅና የተሰጠበትን ሰዓት መጻፍ። ከማጠብ ወይም ከማገላበጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ይህን መስጠት ይቻል እንደ ሆነም ባለሙያውን እንጠይቅ።

መ) ድርቀትን አስቀድሞ መከላከል። ሞርፊን ሆድን ያደርቃል፤ ይህ ችግር እንደ እንቅልፉ በጊዜ ብዛት አይለቅም። ስለዚህ ሆድን የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝ ይጠየቅ። ማቅለሽለሽ ካለ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ያልፋል፤ ለእርሱም መድኃኒት አለ።

ሠ) የአደጋ ምልክትን ማወቅ። ሕመምተኛው ሲቀሰቀስ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ እጅግ ከዘገየ፣ ወይም ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ከታየበት ቀጣዩን መጠን ሳይሰጡ ባለሙያ መጥራት ይገባል። በተለይ ኩላሊት የደከመ እንደ ሆነ ጥንቃቄው ይበዛል። አልኮል ወይም ያልታዘዘ የእንቅልፍ መድኃኒት አይጨመርበት።

ረ) መድኃኒቱን ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ሕፃናት እንዳይደርሱበት ማድረግ፣ ለሌላ ሰው አለማካፈል፣ የተረፈውንም ወደ ጤና ተቋሙ መመለስ።

እንዲሁም ወደ አጥንት የገባ ካንሰር የሚያስከትለው ሕመም በጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ይበቃል። ስለዚህ በሽታው ባይድንም ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ለሀብታም ሀገር ብቻ የሚሆን አይደለም። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በኡጋንዳ ሆስፒስ አፍሪካን ሲመሠርቱ ሞርፊንን ከዱቄት በውኃ በጥብጦ በርካሽ ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይተዋል። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። በሀገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ ሕሙማንን በቤታቸው የመጎብኘት አገልግሎት ጀመረ፤ የጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። ሆኖም መድኃኒቱ በየቦታው እንደ ልብ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ሕመሙ ሳይበረታ አስቀድሞ መጠየቅና ጠርሙሱ ከማለቁ በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

5. የእጅ አገልግሎት

ብዙ ማስታገሻ የሚገኘው ከፋርማሲ ሳይሆን ከአስታማሚው እጅ ነው። መነሣት የማይችለውን ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ ያህል በቀስታ ማገላበጥ፣ አንሶላውን ደረቅና ያልተጨማደደ ማድረግ፣ ተረከዝንና ወገብን መመልከት የመኝታ ቁስልን ይከላከላል። የደረቀ አፍ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ጨው ውኃ ይጠረግ፤ ከንፈርም ቫዝሊን ይቀባ። ትንፋሽ ሲያጥር በትራስ ደግፎ ቀና ማድረግና መስኮት መክፈት ይረዳል። ቁስሉ የሚሸት ከሆነ ሕመምተኛው በኀፍረት ሰው ይሸሻል፤ ነገር ግን ሽታውን የሚቀንስ መድኃኒት ስላለ ነርስ ይጠየቅ። አስታማሚውም ፊቱን አይቋጥር።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልብ እንበል። በእኛ ባህል ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ስለዚህ እናታችን አልበላም ሲሉ ልባችን ይሰበራል። በሽታው ሲገፋ ግን ሰውነት ምግብ መፈለጉን ያቆማል። የሚበሉት ስላነሰ የሚሞቱ ሳይሆን፣ ሰውነታቸው እየደከመ ስለ ሆነ የሚበሉት ያንሳል። በግድ መጋት ሕመምና ትንታ ያመጣል። የወደዱትን በጥቂት በጥቂቱ ማቅረብ፣ መዋጥ ሲያቅታቸውም አፋቸውን ማርጠብ በቂ ፍቅር ነው። ሕሙማን ከጾም ነፃ መሆናቸውንም እናስታውሳቸው፤ ብዙ አረጋውያን ይህን ከካህን አፍ ካልሰሙ አይቀበሉትም።

ጠያቂም ልክ አለው። ሕሙማንን መጎብኘት ጌታ በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን ሥራዎች አንዱ ነው (ማቴ. 25፡36)። ሆኖም ክፍሉን ሞልቶ ስለ ሌሎች ሟቾች ማውራት ጉብኝት አይደለም። ጥቂት መቀመጥ፣ በዝግታ መናገር፣ ሕመምተኛው ሲደክም ተነሥቶ መሄድ ይገባል።

6. እውነትን በፍቅር መናገር

ክፉ ወሬን ከሕመምተኛ መሰወር በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ከርኅራኄም የመጣ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ወላጅ እውነቱን ከፊታችን ያነብባል። እኛ እርሳቸውን ላለማስደንገጥ ዝም ስንል፣ እርሳቸውም እኛን ላለማስጨነቅ ዝም ይላሉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለብቻው ያለቅሳል። ከዚህም በላይ እውነቱን ያልሰማ ሰው የሚናዘዝበትን፣ ከተቀየመው የሚታረቅበትንና ስለ ንብረቱ ቃሉን የሚሰጥበትን ጊዜ ያጣል።

ይህ ማለት ግን ያልጠየቀውን ሰው በድንገት በወሬ መምታት አይደለም። «ስለ ሕመምዎ ምን ይሰማዎታል? ሐኪሙ የነገረንን እንድንነግርዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጀመር መልካም ነው። ማወቅ ከፈለጉ በቀስታ፣ በሚታመኑት ሰው አፍ ይነገራቸው፤ ማወቅ ካልፈለጉም ይከበርላቸው። ለሚያስፈራው ነገር ሁሉ መልስ ባይኖረንም «ብቻዎን አንተውዎትም፤ ሕመሙንም ዝም ብለን አናይም» ማለት እንችላለን። ይህን ቃል ደግሞ መጠበቅ አለብን።

7. ምሥጢራት ለመጨረሻው ደቂቃ አይቆዩም

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ምሥጢረ ቀንዲል በሞት አፋፍ ላይ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ሐዋርያዊ ድንጋጌ ይህንኑ በሥራ ላይ አውለዋል። በከባድ ሕመም የሚገኝ ምእመን ሊቀበለው ይችላል፤ ሕመሙ ሲብስም ሊደገም ይችላል። ሐዋርያው ያዕቆብ የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ የሚመክረው የታመመውን ሰው ነው (ያዕ. 5፡14)፤ ራሱን የሳተውን ሰው ብቻ አላለም።

ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ካህን ከመጣ ሞት የታወጀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ያዘገያል። ልብ ብለን ካየነው ይህ ፍርሃት ሞርፊኑን በቁም ሣጥን ከቆለፈው ፍርሃት ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ለሕይወት የተሰጡ ስጦታዎች ሆነው ሳለ የሞት ምልክት ተደርገው ይታያሉ፤ ሁለቱም «ለመጨረሻው ቀን» ተብለው ይቀመጣሉ፤ ያ ቀን ሲደርስ ሕመምተኛው አይውጥም፣ አይናገርም። ስለዚህ ካህኑ ወላጃችን መናገርና መናዘዝ በሚችሉበት ጊዜ ይጠራ። ቅዱስ ቁርባንን በየጊዜው እንዲቀበሉ ይደረግ፤ መዋጥ የሚቸግራቸው እንደ ሆነም አስቀድሞ ለካህኑ ይነገር። ጊዜው ሲቀርብ ቅዱስ ቁርባን የመንገድ ስንቅ ይሆንላቸዋል።

ጸሎቱ አጭር ይሁን። የሚያውቁትን አባታችን ሆይና ሰላም ለኪ በጆሯቸው አጠገብ በዝግታ እንድገም፤ መቍጠሪያውን በእጃቸው እናስይዝ። የማይመልሱ ቢሆኑም እንደሚሰሙ ቆጥረን እናነጋግራቸው።

8. አስታማሚውንም እናስታምም

በአብዛኛው ቤት ሸክሙ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ላይ ነው። ሌሎቹ ወንድሞችና እኅቶች ከሩቅ ገንዘብ ይልካሉ፤ በስልክም ያዛሉ። እርስዋ ግን አትተኛም። ድካሟ ወደ ቁጣ ሲለወጥ ደግሞ ራሷን እንደ ኃጢአተኛ ትቆጥራለች። በዚህ ጊዜ ቁምስናው ሊረዳት ይገባል። ዕድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለማስታመምም ሊቆም ይችላል፤ የማኅበር አባላት በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ ገብተው ቢጠብቁላት፣ ውኃ ቢቀዱላት፣ መድኃኒት ከከተማ ቢያመጡላት ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር መድኃኒት አያዝዝም። ነገር ግን ሕመምተኛውን ሊጎበኝ፣ ስለ ሕመሙ በጥንቃቄ ሊጠይቅ፣ ቤተሰቡን ወደ ጤና ተቋም ሊመራ፣ ለካህኑ ሊያሳውቅ፣ የተሳሳተውንም ፍርሃት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሊያርም ይችላል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቋቋሙት፣ ከ1993 ጀምሮም እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን የሚከበረው ዓለም አቀፍ የሕሙማን ቀን ይህን ትምህርት በየቁምስናው ለመስጠት የተመቸ ዕለት ነው።

መደምደሚያ

ወደ ተነሣንበት ትእዛዝ እንመለስ። ወላጆቻችን እኛ ሕፃናት ሳለን ስናለቅስ ሌሊት ተነሥተዋል፤ ስላለቀስን አልተቆጡንም፤ ትዕግሥትን እስክንማርም አልጠበቁም። ዛሬ የሚያቃስቱት እነርሱ ናቸው። ማስታገሻውን በሰዓቱ መስጠት፣ ካህኑን በጊዜው መጥራት፣ እጃቸውን ይዞ መቀመጥ ለእኛ ክብር የመስጠት ሦስት መንገዶች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ሰዎች ጠንካራ ማስታገሻን የሚፈሩት በምን ምክንያት ነው? ከእነዚህ ውስጥ የእምነት ጥያቄ የሆነው የትኛው ነው?
2. ሕመምን በማስታገስና በዩታኔዝያ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።
3. ማር. 15፡23ን እና ዮሐ. 19፡28-30ን በአንድነት አንብቡ። ለሕሙማን ምን ያስተምራሉ?
4. በቁምስናችን በካንሰር የታመሙ ወላጆችን የሚያስታምሙ ቤተሰቦች አሉን? በዚህ ሳምንት ማን ይጎበኛቸዋል? ማንስ አንድ ሌሊት ይተካቸዋል?

ጸሎት

ሩኅሩኅ አባት ሆይ፣ በሕመም አልጋ ላይ ያሉትን ወላጆቻችንን አስብ። ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለአስታማሚዎች ብርታትን፣ ለእኛም ከፍርሃት የጸዳ ፍቅርን ስጠን። ሥቃያቸውን በምናቃልልበት እጅ የልጅህ እጅ ይታይ። በመስቀል ሥር የቆመችው እናታችን ማርያም ከእነርሱ ጋር ትቁም። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፣ አሜን።